መስከቲን፣ አዮዋ፦ ልጄ ከወንዝ ዳር ያነሳችው የተበሳ ዛጎል

የአስቴር አባት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው መስከቲን በምትባል ከተማ ነው፤ አሜሪካ፣ አዮዋ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር። ሕዝቧ 24 ሺህ ገደማ ነው። ብዙዎቻችሁ ስሟን አልሰማችሁት ይሆናል፤ እኔም ለሥራ እስክመጣ ድረስ አልሰማሁትም ነበር። አሁን አራት ዓመት ሆነኝ። ከአራቱ ሦስቱን ከፋብሪካ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ፋብሪካ ስል ነው የጨረስኩት። ከተማዋን አላየኋትም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ወንዝ ዳር ወረድን። ውሃው ጎድሎ ነበር። ልጄ ጭቃው ላይ ጎንበስ አለችና አንድ ዛጎል አነሳች። የእጄን መዳፍ ያህላል። ውስጡ ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል። ግን አምስት ቦታ ተበስቷል። ቀዳዳዎቹ ክብ ናቸው፣ ልቅም ያሉ፣ ሁሉም እኩል። ሊጥ በብርጭቆ አፍ ተቆርጦ ሲያልቅ የሚቀረውን ትርፍ ነው የሚመስለው።

«አባዬ፣ ይሄን ማነው የበሳው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አጠገባችን ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ናቸው የነገሩን። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ የወጣው የሸሚዝ ቁልፍ ነው አሉን።

ከዚያ ወዲያ መሀል ከተማ ያለውን የዕንቁ ቁልፍ ሙዚየም አየን፣ ማታ ማታም ማንበብ ጀመርኩ። ታሪኩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጆን ቤፕሊ የሚባል ጀርመናዊ ቁልፍ ሠሪ ነበር። 1887 ላይ አሜሪካ ገባ። 1891 ላይ እዚህ መስከቲን ቁልፍ መሥራት ጀመረ። ከዚያ በፊት የዛጎል ቁልፍ በብዛት የሚመጣው ከውጭ ነበር። በ1890 የወጣው የቀረጥ ሕግ ግን የውጩን ቁልፍ አስወደደው። ሚሲሲፒ ደግሞ እዚህ ጋ ከታች በዛጎል የተነጠፈ ነበር፤ ያለ ማንም ባለቤት፣ ያለ ዋጋ። ሰውየው አገሩ ሳለ የሚያውቀውን ሙያ ይዞ መጥቶ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ነገር አየ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከተማው በሙሉ ቁልፍ ቆራጭ ሆነ። በ1905 ከዚህች ከተማ የወጣው ቁልፍ 1.5 ቢሊዮን ነው። ቢሊዮን ነው ያልኩት። በዚያ ጊዜ ከዓለም ቁልፍ ከሲሶ በላይ እንደነበር ይነገራል።

አሁንም አሮጌ ቤት ፈርሶ መሠረት ሲቆፈር የተበሳ ዛጎል ይወጣል። ትርፉን መሬት መሙያ አድርገውት ነበር። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ላዩ ላይ ተራመድኩ።

እናንተስ? በወንዝ ዳር ትንንሽ ከተሞች የምትኖሩ ካላችሁ ስለ ከተማችሁ የምታውቁትን ጻፉልኝ። ስለ መስከቲን የምታውቁት ካለም በጣም ደስ ይለኛል፤ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያነበብኩላት ነው።

ልብስ ሰፊዋ

ወንድሜ፣ ይሄን ሳነብ አባቴ ናቸው የመጡብኝ። መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቁልፍ የሚያስቀምጡበት የብስኩት ቆርቆሮ ነበራቸው። አሮጌ ሸሚዝ ሲመጣ ቁልፉን አይጥሉም፤ ፈትተው እዚያ ውስጥ ይከቱታል። ከቁልፎቹ መሀል ለይተው የሚያስቀምጧቸው ጥቂት ነበሩ። «ይሄ ፕላስቲክ አይደለም፣ ጉንጭሽ ላይ አድርጊው» ይሉኛል። ሳደርገው ይቀዘቅዛል። ፕላስቲክ እንደዚያ አይቀዘቅዝም። ዛጎል መሆኑን የሚለዩት በዚህ ነበር።

እኔም ዛሬ ሥራዬ መስፋት ነው። እውነተኛ የዛጎል ቁልፍ ያለው አሮጌ ሸሚዝ ሲመጣልኝ ገና ስነካው አውቀዋለሁ። ከበድ ይላል፣ ጀርባው ላይም የዛጎሉ ቀለም ይታያል። ለምን እንደጠፋም ልንገርህ። የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ኃይለኛ ሳሙና ሲመጣ የዛጎሉ ቁልፍ መሰነጣጠቅና መደብዘዝ ጀመረ። ፕላስቲኩ ደግሞ ርካሽ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፣ አይሰበርም። ማን ይወዳደረዋል?

የቆረጡትን ቁልፍ ማን ነበር የሚጨርሰው? ሴቶቹ ምን ይሠሩ ነበር? ካወቅህ ንገረኝ።

የአስቴር አባት

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ሙዚየሙ ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ። ዛጎሉ መጀመሪያ ይቀቀላል፤ ሲከፈት ሥጋው ይወጣል። አንዳንዴ ውስጡ ዕንቁ ይገኛል፤ በአንድ ዕንቁ ቤት የሠራ ሰው ነበር ይባላል። ከዚያ ዛጎሉ እንዳይሰባበር በርሜል ውሃ ውስጥ ቀናት ይዘፈዘፋል። ቆራጮቹ በብዛት ወንዶች ነበሩ። ዛጎሉን በመቆንጠጫ ይዘው ቱቦ በሚመስል የሚሽከረከር መጋዝ ላይ ይጫኑታል። አቧራውና ውሃው ፊታቸው ላይ ነው የሚረጨው። ከዚያ በኋላ ማለስለሱ፣ የክር ቀዳዳውን መብሳቱ፣ በጥራት መለየቱ አለ። መለየቱና ካርቶን ላይ መስፋቱ የሴቶች ሥራ ነበር። ካርቶን ላይ የሚሰፋውን ብዙዎቹ ቤታቸው ወስደው ከልጆቻቸው ጋር ማታ ማታ ነበር የሚሠሩት።

ከሚኒሶታ

ቅር እንዳይልህ ወንድሜ፣ እኔ የሚታየኝን ልናገር። ትንሽ ከተማ ልጅ ማሳደግ ከባድ ነው። የኛ ሰው የለም፣ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነው፣ ልጆቹ ቋንቋ ይጠፋባቸዋል። አንተ ደግሞ የፈረንጅ ቁልፍ ታሪክ ታስተምራለህ። የራሷን ታሪክ መቼ ልታውቅ ነው? እኔ ብሆን ሚኒያፖሊስ እመጣ ነበር። ሥራም አለ፣ ሰውም አለ።

የአስቴር አባት

ወንድሜ፣ ቅር አላለኝም። ያልከው እውነት አለው። ለቤተ ክርስቲያን ሰዓታት እንነዳለን። እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ ባለቤቴ ናት የምትጋግረው። ቋንቋውን በተመለከተ ይሄን የውይይት ክር የምናነበው በአማርኛ ነው። ፊደሉን እየቆጠረችም ቢሆን አብራኝ ታነባለች።

ግን «የፈረንጅ ታሪክ» ያልከው ላይ አልስማማም። ከቁልፉ ሌላ አንድ ታሪክ አለኝ፤ ላስቀምጠው።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። የምትማረው ሱዛን ክላርክ በሚባል ትምህርት ቤት ነው። ስሙ በ2020 የተሰጠ ነው። እኔ ሱዛን ክላርክ የአንድ ሀብታም ሚስት ትሆናለች ብዬ ነበር የማስበው። ጠይቄም አላውቅም።

ሱዛን ጥቁር ልጅ ነበረች። 1867 ላይ፣ ልክ በልጄ ዕድሜ፣ 12 ዓመቷ ሳለ፣ ለቤታቸው ወደሚቀርበው ትምህርት ቤት ሄደች። አናስገባሽም አሏት። ለጥቁር ልጆች ለብቻ የተሠራ ትምህርት ቤት ነበር፤ እሱ ግን ሩቅ ነው። አባቷ አሌክሳንደር ክላርክ ይባላሉ። በወጣትነታቸው በ1842 ወደዚህች ከተማ መጥተው ፀጉር ቆራጭ ሆኑ። ለእንፋሎት መርከቦች ማገዶ ይሸጡ ነበር፣ መሬትም ገዙ። ሰውየው ዝም አላሉም። ከሰሱ። እዚህ ያለው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ይግባኝ አለ። በ1868 የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጅቷን በቆዳዋ ምክንያት መከልከል አይቻልም ብሎ አጸናው። አገሪቱ በሙሉ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እዚህ ውሳኔ ላይ የደረሰችው 1954 ላይ ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመት በኋላ!

ይሄን ማታ ለልጄ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ትምህርት ቤቱ የትኛው ነበር? ቦታውን እንይ» አለችኝ። በማግስቱ ሄድን። የክላርክ ቤትም አለ። በ1970ዎቹ ቦታው ላይ የአረጋውያን መኖሪያ ሲሠራ ሊፈርስ ነበር፤ ሰዎች ተነስተው አንስተው ጥቂት ሜትር ወዲያ አስቀመጡት። ልጄ ደጃፉ ላይ ፎቶ ተነሳች።

አንድ ስደተኛ አባት ልጁን እዚህ ትምህርት ቤት አስመዝግቦ፣ ማንም ሳይከለክለው፣ ፊርማ ፈርሞ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ያንን በር ማን እንደከፈተለት ማወቅ የለበትም? ለኔ ይሄ የሌላ ሰው ታሪክ አይደለም።

ጋሽ መምህር

ልጆቼ፣ ደህና ናችሁ? ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። የአስቴር አባት የጻፈው ላይ ጥቂት ልጨምር።

ፍርድ ቤቱ የተመረኮዘው የአዮዋ ሕገ መንግሥትና የትምህርት ሕጉ ላይ ነው። የ1857ቱ ሕገ መንግሥት ትምህርት ለክፍለ ግዛቱ ወጣቶች ሁሉ ይሰጥ ይላል። «ሁሉ» ማለት ሁሉ ነው፤ ቦርዱ የቆዳ ቀለም አይቶ ልጆችን የመለየት ሥልጣን የለውም፣ ነው ነገሩ። በአንዲት ቃል የተገኘ ድል ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን ሕግ ስታነቡ ቃሏን እንዳትዘሏት የምላቸው የነበረው።

በዚያው በ1868 የአዮዋ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ለጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት ፈቀደ። ክላርክ ለዚህም ከፊት ሆነው ተናግረዋል። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜም በ1863 ለአዮዋ የጥቁሮች ክፍለ ጦር ወታደር መልምለዋል፤ እሳቸው ራሳቸው በእግራቸው ጉዳት ምክንያት አልዘመቱም። ወንድ ልጃቸው ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ነው፣ 1879። አባትየውም ልጃቸውን ተከትለው ገቡና በ1884 ተመረቁ። ዕድሜያቸው 58 ነበር! እኔ ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

ከዚያ 1890 ላይ ፕሬዚዳንት ሃሪሰን የአሜሪካ መልእክተኛ አድርገው ላይቤሪያ ላኳቸው። በዓመቱ እዚያው ሞንሮቪያ አረፉ። አስከሬናቸው ተመልሶ መስከቲን ግሪንዉድ መካነ መቃብር ነው የተቀበረው። ሐውልቱን ከልጅህ ጋር ሂድና እየው።

ከሚኒሶታ

ጋሽ መምህር፣ የአስቴር አባት፣ ተምሬያለሁ። ይሄን አላውቅም ነበር። ሰው ብቻውን መሆኑ ግን አሁንም ያሳስበኛል። ልጅህን ክረምት ላይ አምጣት፤ ከኛ ልጆች ጋር ትጫወት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ትግባ። ቤታችን ሰፊ ነው።

የአስቴር አባት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። እናመጣታለን።

ሥጋ ፋብሪካ የምሠራ

እኔ ስለ ሠራተኞቹ ልጠይቅ። የምሠራው ሥጋ ፋብሪካ ነው፤ ስሙን አልጠራም። መስመሩ ሲፈጥን እጃችን ያብጣል። ሲደክመን ደግሞ «ቁጥር አልሞላችሁም» እንባላለን። ቁልፍ ቆራጮቹስ እንዴት ነበሩ? ዝም ብለው ነበር የሚሠሩት?

ጋሽ መምህር

አልነበሩም ልጄ። ክፍያቸው በቁጥር ነበር። አንድ ግሮስ 12 ደርዘን፣ ማለት 144 ቁልፍ ነው። ባለቤቶቹ ግን ለአንድ ግሮስ ሒሳብ ከ144 በላይ ይቀበሉ ነበር፤ ተበላሸ ብለውም ይቀንሱባቸዋል። ማን ይቆጥራል? የሚቆጥረው የባለቤቱ ሰው ነው። መጋዙ ጣት ይቆርጣል፣ አቧራው ሳንባ ይገባል፣ ዛጎሉ የሚዘፈዘፍበት ውሃ ቆሽሾ ቁስል ያመረቅዛል።

ማኅበር አቋቋሙ። በ1911 መጀመሪያ ላይ ፋብሪካዎቹ በራቸውን ዘጉባቸው፤ ነገሩ ወደ ረጅም የሥራ ማቆም አድማ ተለወጠ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ጠብ ሲበዛ አገረ ገዢው ሚሊሻ ላከ። ከዚያ ግርግር አንዲት ልጅ ወጣች፤ ፐርል ማክጊል ትባላለች። ስሟ ራሱ ዕንቁ ማለት ነው። ከገጠር የመጣችው ለአስተማሪነት ትምህርት የሚሆናትን ብር ለመያዝ ነበር፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች። ቁልፍ ፋብሪካ ገባች፣ የማኅበሩ ሰው ሆነች፣ ከከተማ ከተማ እየዞረች ለአድማው ገንዘብ አሰባሰበች። አድማው በመጨረሻ አልተሳካም። እሷ ግን አስተማሪ ሆናለች። በ1924 ከተለያየችው ባሏ እጅ በግፍ ተገደለች። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም።

ሥጋ ፋብሪካ የምሠራ

የሚቆጥረው የባለቤቱ ሰው ነው ያሉት ነገር ጋሽ፣ ልቤን ነካው። ዛሬም እንደዚያው ነው። ነገ ለሥራ ባልደረቦቼ እነግራቸዋለሁ።

ዓሣ አጥማጁ

ለረጅም ጊዜ ሳልጽፍ ነው የማነበው፤ ዛሬ ግን ስለ ዛጎሉ ራሱ አንድ ነገር ልበል። በውሃ ሀብት ዘርፍ ነው የተማርኩት። ይሄ ዛጎል ያለው እንስሳ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃላችሁ? ረጅም ብረት ላይ ብዙ የሽቦ መንጠቆ ይንጠለጠልና በጀልባ ወለሉ ላይ ይጎተታል። እንስሳው አፉን ከፍቶ ነው ታች የሚቀመጠው። መንጠቆው ሲነካው ደንግጦ ይዘጋል፤ መንጠቆውን ነክሶ ይቀራል። ከዚያ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ ይወጣል። ለመዳን የዘጋው አፉ ራሱ ነው የሚያስይዘው።

በዚህ አያያዝ ወንዙ ቶሎ ተራቆተ። ከመስከቲን ትንሽ ከፍ ብሎ ፌርፖርት በምትባል ቦታ መንግሥት ዛጎሉን የሚያራባ የምርምር ጣቢያ ከፈተ። ማራባቱ ከባድ የሆነው ለምን መሰላችሁ? ጫጩቶቹ ብቻቸውን አያድጉም። ዓሣ ስንጥብ ላይ (የሚተነፍስበት ቦታ ማለቴ ነው) ተጣብቀው ሳምንታት መቆየት አለባቸው። ከዚያ ይወርዱና ታች ኑሮ ይጀምራሉ። አንዳንዶቹ እናቶች ዓሣውን የሚያታልሉበት ትንሽ ዓሣ የሚመስል ሥጋ አላቸው፤ ያንን ያወዛውዙታል። ዓሣው ሊበላ ሲጠጋ ጫጩቶቹን ፊቱ ላይ ይረጩበታል። ስለዚህ ዓሣው ከጠፋ ዛጎሉም ይጠፋል።

ቤፕሊ፣ ያ ጀርመናዊ፣ በመጨረሻ ከራሱ ፋብሪካ ወጥቶ ለዚህ ጣቢያ ነበር የሚሠራው። ወንዝ ውስጥ ሲራመድ ዛጎል እግሩን ቆረጠው፣ ቁስሉ አመረቀዘ፣ በ1912 በዚያው ሞተ። ሀብታም ሆኖ አይደለም የሞተው። የጀመረው ሥራ ሌሎችን ነው ያበለጸገው።

የአስቴር አባት፣ ለልጅህ አንድ ነገር ንገርልኝ። የተበሳው የፋብሪካ ትርፍ ነው፤ እሱን አይታ ትደሰት። ሕያው የሆነውን ግን አትንካው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ሊጠፉ የተቃረቡና በሕግ የተጠበቁ ናቸው።

የአስቴር አባት

ስለ ዓሣው የጻፍከውን ሁለቴ አስነበበችኝ። «እናትየው ታታልላለች?» ብላ ገረማት። ሕያውም እንደማትነካ ቃል ገብታለች።

ነርሷ፣ ዳቨንፖርት

ጎረቤት ነኝ! ከመስከቲን ሽቅብ፣ ዳቨንፖርት። ይሄን ክር በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ስለ ጎርፍ ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳ።

የኛ ከተማ ወንዙ ፊት ለፊት ቋሚ ግንብ የላትም። ነዋሪው ወንዙን ማየት ይፈልጋል። በ2019 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ውሃው ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ቆየ፤ በአሸዋ የተሞላው ጊዜያዊ መከላከያ ድንገት ተደረመሰ። መሀል ከተማው በደቂቃዎች ውስጥ ውሃ ሆነ። ከሥራ ወጥቼ ነበር፤ መኪኖች እስከ መስኮታቸው ሰምጠው አየሁ። መስከቲን ግን የጎርፍ መከላከያ ግንብ ሠርታለች። ማድ ክሪክ የሚባለው ጅረትም ራሱን የቻለ መከላከያ አለው። እዚያ ትልቁ ጎርፍ የ1993ቱ ነው። ከዚያ በፊት የ1965ቱ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም የሚያወሩት ስለ እሱ ነው። ጎርፍ ሲመጣ እዚህ አካባቢ ሰው ሃይማኖትና ቀለም አይጠይቅም፤ ተሰልፎ የአሸዋ ከረጢት ይቀባበላል። እኔም ከማላውቃቸው ሰዎች መሀል ቆሜ ተቀባብያለሁ። አንዲት አሮጊት ጓንታቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

ሌላ ደግሞ፣ ነርስ ስለሆንኩ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። መስከቲን በ1925 ሬዲዮ ጣቢያ የከፈተ ኖርማን ቤከር የሚባል ሰው ነበራት። ሐምራዊ ልብስ ይለብስ ነበር። በሬዲዮው ሐኪሞችን እየተሳደበ ካንሰር በመድኃኒቴ ይድናል ይል ጀመር። ሆስፒታልም ከፈተ። ሕዝቡ ከሩቅ ገበሬ ቤት ሁሉ እየመጣ ገንዘቡን ሰጠው። መድኃኒቱ ምንም አያድንም ነበር። በ1931 የሬዲዮ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ሰውየው ግን ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ቀጠለ። በ1940 ነው በፖስታ ማጭበርበር የተፈረደበት፤ ከዚያም ታሰረ። በመሀል ስንት ሰው በጊዜ መታከም ሲችል ሞተ! ይሄን የምጽፈው ዛሬ በስልክ የሚመጣልንን «ስኳር በአንድ ሳምንት ያጠፋል» የሚል ቪዲዮ ሳይ ስለሚያመኝ ነው። እባካችሁ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ።

ልብስ ሰፊዋ

ነርሷ፣ እናቴ ባለፈው ወር እንደዚያ ያለ ቪዲዮ ልካልኝ ነበር። ይሄን ልልክላት ነው። ተባረኪ።

ከኮሎምበስ

የቻይናው ፕሬዚዳንት መስከቲን ኖሯል የሚባለው እውነት ነው?

የአስቴር አባት

አልኖረም፤ ጎብኝቷል። ሺ ጂንፒንግ በ1985 ከሄቤይ ግዛት ከመጣ የግብርና ቡድን ጋር ነበር። ያኔ ወጣት ሹም ነው። ሆቴል ሳይሆን አንድ ቤተሰብ ቤት፣ የልጆቹ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው ያደረው። በ2012 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመጣ ያኔ የተቀበሉትን ሰዎች ፈልጎ ሻይ አብሯቸው ጠጣ። እዚህ ሰው ስለ ፖለቲካው ብዙ አያወራም፤ «እንግዳ ነበር፣ ተቀበልነው» ነው የሚሉት። ይሄን አባባል እኔ ከቤቴ የማውቀው ስለሆነ ደስ ይለኛል።

ከጎረቤቴም አንድ ነገር ላክል። ሜክሲኳዊት ናቸው፣ ትልቅ ሴት። ቤተሰባቸው መጀመሪያ የመጣው ለቲማቲምና ለሐብሐብ ለቀማ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ያለው መሬት አሸዋማ ስለሆነ ሐብሐብና ሜሎን በደንብ ይይዛል፤ የመስከቲን ሜሎን በዚህ አካባቢ ስም አለው። ሄንዝ የሚባለው የኬቸፕ ኩባንያ ደግሞ ከመነሻ ከተማው ከፒትስበርግ ውጪ የመጀመሪያ ፋብሪካውን የከፈተው እዚህ ነው፣ በ1893። ቲማቲሙ ለዚያ ነበር። ሴትዮዋ በነሐሴ ሜሎን ቆርጠው በአጥር በኩል ያቀብሉናል። ባለቤቴ ደግሞ ዳቦ ትሰጣቸዋለች። እሳቸው በስፓኒሽ፣ እሷ በአማርኛ፣ መሀል ላይ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ያስታርቃሉ።

ሹፌሩ

ወንድሜ የአስቴር አባት፣ ይሄን ክር ከተጀመረ ጀምሮ እየነዳሁ በየማረፊያው ነው የማነበው። ኢንተርስቴት 80 ላይ ዋልኮት ያለው ትልቁ የከባድ መኪና ማረፊያ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ እተኛለሁ። ከ1964 ጀምሮ ያለ ነው፤ የዓለም ትልቁ ነው ይላሉ። እዚያ የኛ ልጆች የማላገኝበት ቀን የለም። ሁላችንም ሻወር፣ ቡና፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ መንገድ። መስከቲን ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትርቅ ነው፤ አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም።

ስለ ወንዙ እኔም አንድ የማውቀው አለ። አንድ ጊዜ ጭነት ስጠብቅ ዳር ቆሜ ጀልባው ሲያልፍ አየሁ። አንድ ገፊ ጀልባ 15 ባርጅ (ሞተር የሌለው ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ማለቴ ነው) አስሮ ይገፋል። አንዱ ባርጅ ብቻ እንደኔ ያለ 60 ገደማ መኪና የሚጭነውን በቆሎ ይይዛል። እናንተ አስሉት። ጉድ ያሰኘኝ ግን መስከቲን ያለው 16ኛው የወንዝ በር ነው (ጀልባ ገብቶበት ውሃው ከፍ ወይም ዝቅ የሚልበት)፤ 1937 ላይ የተከፈተ። ርዝመቱ 600 ጫማ ነው፤ 15ቱ ባርጅ ደግሞ ከገፊው ጀልባ ጋር ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሰዎቹ ወርደው ገመዱን ፈትተው ለሁለት ይከፍሉታል፤ ግማሹን አስገብተው፣ ውሃውን ዝቅ አድርገው፣ አውጥተው፣ ከዚያ ሌላውን። እንደገና ያስራሉ። በብርድ፣ በሌሊት። እኔ መኪናዬ ላይ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ ደከመኝ ስል እነሱን አስባለሁ።

የሚመጣው ሐሙስ ዋልኮት ነኝ። አሥር ሰዓት እረፍት አለኝ። መኪናውን ትቼ ብመጣ ያንን ዛጎል ታሳየኛለህ? ልጅህንም ሰላም ልበላት። ደግሞ እውነት ለመናገር ምግብ ቤት ሰልችቶኛል።

የአስቴር አባት

ሐሙስ የምገባው የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ቀኑን ነፃ ነኝ። መኪናህን እዚያው አቁመው፣ እኔ መጥቼ እወስድሃለሁ። ሰዓቱን በውስጥ መስመር ላክልኝ። መጀመሪያ ወንዝ ዳር እንወርዳለን፣ ጀልባ ካለ በሩን ሲያልፍ እናያለን። ከዚያ ቤት። ባለቤቴ ረቡዕ ማታ ሊጥ ታቦካለች።

ልጄ ሦስት ዛጎል አጥባ መስኮት ላይ አስቀምጣለች። አንዱ የሹፌሩ ነው ብላለች። አምስት ቀዳዳ ያለውን ግን አትሰጥም።